ከሴራሚኩ ሥር

የእኛ ሰፈር ብርድ ከእግር ነው የሚጀምረው። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ባሕር ዛፉን አወዛውዞ፣ የጣራውን ቆርቆሮ አንኳኩቶ ሲያበቃ በበሩ ሥር ሾልኮ ይገባና ወለል ላይ ይተኛል። ሰው ሹራብ ይደርባል፣ ኮፍያ ያጠልቃል፣ ጋቢ ይከናነባል፤ ብርዱ ግን ቁርጭምጭሚቱን ይዞ አይለቀውም። ሽሮ ሜዳ ተወልጄ፣ ሽሮ ሜዳ ያረጀሁ ሸማኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሌላ ሰው የሚሞቀውን ልብስ ስለሆነ፣ ስለ ብርድ ለመናገር የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም።

ሸማኔ ቤት ገብቶ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። እኛ ስንሠራ ወንበር ላይ አንቀመጥም። መሬቱ ላይ እስከ ጭን የሚደርስ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብለን እግራችንን ወደ ውስጥ እንሰዳለን። መርገጫዎቹ ያሉት እዚያ ታች ነው። ድሩ ከፊታችን ተወጥሮ ይዘረጋል፣ እግር ይረግጣል፣ እጅ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ይልካል። የእኔን ጉድጓድ የቆፈረው አባቴ ነው። ከጋሞ ደጋ መጥቶ ይህን ቤት እንደያዘ፣ በሩ በቅጡ ሳይገጠም፣ ከመስኮቱ ሥር ቆፈረው። እሱ ሲያርፍ እኔ ገባሁበት። ጠርዙ በሁለታችን መቀመጥ ብዛት ለስልሶና ጎድጉዶ፣ ሰው ቢቀመጥበት እንደ ኮርቻ ይይዘዋል።

ጉድጓድም እንደ ሰው እንክብካቤ ይፈልጋል። ክረምት ሳይገባ እርጥበቱን እንዲመጥልኝ ታቹን አመድ እነሰንስበታለሁ፤ ከአመዱ በላይ ጭድ፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ያረጀ የበግ ቆዳ። በሐምሌ ጠዋት፣ ጉሙ ከቁስቋም ወርዶ ጎረቤት ከጎረቤት በማይተያይበት ሰዓት፣ ሰፈሩ ሁሉ እጁን በትንፋሹ ሲያሞቅ እኔ ከጭኔ በታች በጋ ነበርኩ። ነፋስ ወለል ላይ ይሄዳል እንጂ ጉድጓድ አይገባም። ይህን ደግሞ የሚያውቀው ሸማኔ ብቻ ነው።

ሸማኔ ብቻ ማለቴ እንኳን ልክ አይደለም፤ ልጄም ታውቀው ነበር። አንዲት ልጅ ነው ያለችን። ትንሽ ሆና፣ እናቷ ክር ስታዳውር፣ እሷ ሥራ የማቆምበትን ሰዓት ጠብቃ ጉድጓዱ ውስጥ ትገባና ከእግሮቼ መሐል ትቀመጥ ነበር። «አባዬ፣ እዚህ ይሞቃል» ትለኛለች። በእኛ ዘንድ ሽመና የወንድ ነው፤ ሴት ትፈትላለች፣ ታዳውራለች፣ ጉድጓድ አትገባም። እኔ ግን ልማዱን ምን እንዳደርገው ብዬ ነው? ድር ሲገመድና ሲቋጠር አሳየኋት። ድር ማለት በመቶ የሚቆጠር ክር ነው፤ ከሸማ ዕቃው ላይ በትክክል ካልወረደ ይጠላለፍና ለዶሮ መጫወቻ ይሆናል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያለ በየስብሰባው የሚተርተው ሰው ሁሉ አንድ ቀን እንኳ የተጠላለፈ ድር ፈትቶ አያውቅም። ልጄ ግን በሰባት ዓመቷ ክሮቹ የሚተላለፉበትን ቦታ ለይታ ታስር፣ ከዚያ የቀረውን እንደ ሹሩባ ትገምድ ነበር። የሰፈሩ ሸማኔዎች ይስቁብኛል፤ «ወንድ ልጅ ቢያጣ ሴቷን ሸማኔ ሊያደርጋት ነው» ይላሉ። ይሳቁ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ያቺ ልጅ አድጋ፣ ተምራ፣ መሥሪያ ቤት ገብታ ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ጀመረች። ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ አንድ ልጅ እንደወደደች ለእናቷ ነገረች፤ እናቷም ለእኔ። ከመስቀል በኋላ፣ በጥቅምት፣ ሽማግሌ ይላካል ተባለ። እኔ በዚያው ሳምንት ቀጭን ክር ፈልጌ የልጄን የሠርግ ቀሚስ ድር ዘረጋሁ። ሚስቴ ደግሞ ወለሉን ማየት ጀመረች።

እውነቷን ነው፣ ወለላችን የሚታይ አልነበረም። ከበሩ እስከ አልጋው ድረስ አባቴ ያስደረገው ቀይ ሊሾ ነው፤ ተሰነጣጥቆ፣ ስንጥቁን ለመሸፈን ፕላስቲክ ተነጥፎበት፣ ፕላስቲኩም በተራው ተቀዶ። ከጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ደግሞ የተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ ረጭቼ የምጠርገው። ሚስቴ «ሽማግሌ ጫማው አቧራ ጠግቦ ሊወጣ ነው?» አለች። ልጄ በስልኳ የሰው ቤት ወለል ፎቶ ታሳየናለች፤ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሰው የማይኖርበት የሚመስል። እኔ አልተቃወምኩም። ወለል ይሠራ አልኩ። እንዲያውም አብሬ ልምረጥ አልኩ።

ሦስታችንም ወደ ሱቆቹ ሄድን። እኔ ጫማዬንም ካልሲዬንም አወለቅኩ። ሻጩ ደንግጦ፣ «አባባ፣ ማውለቅ አያስፈልግም እኮ» አለኝ።

«በእግሬ ልሄድበት ነው የምገዛው፤ በዓይኔ አይደለም» አልኩት።

በየናሙናው ላይ ባዶ እግሬን አሳርፌ እስከ ሃያ ቆጠርኩ። ሴራሚኩ ሙቀቴን ወስዶ ጭራሽ አልመለሰልኝም። ሊሾ መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ቆይቶ ግን ከሰው ጋር ይስማማል። እንጨት መስሎ የተሠራውን ወረቀት የተለጠፈበትን ነገር ሻጩ ብዙ አሞገሰልኝ፤ በእንጦጦ ሥር ክረምት አንድ ሐምሌ እርጥበት ከጠጣ እንደ በሶ እንደሚያብጥ ግን አልነገረኝም። እውነተኛው ጣውላ ላይ ስቆም እግሬ ዝም አለ። እግር ዝም ሲል ተስማማው ማለት ነው። ጣውላ ሥሩ አየር ይፈልጋል፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በሞራሌ እንጨት ላይ ካልተመታ ይበሰብሳል፤ በዓመት ሁለቴ ሰም ይቀባል፤ ውሃ እንደ ልብ አይደፋበትም። ይህን ሁሉ ለሻጩ ሳስረዳ ሚስቴ ወደ በሩ ዞራ፣ የማታውቀኝ መስላ ቆማ ነበር።

እዚያው ሱቅ በር ላይ ወሰንን። አልጋው ባለበትና እንግዳ በሚቀመጥበት በኩል ጣውላ። በመስኮቱ በኩል፣ በጉድጓዱ ዙሪያ፣ አዲስ ሊሾ። ለጉድጓዱ ደግሞ ክዳን፤ እንግዳ ሲመጣ ይከደናል፣ ምንጣፍ ይጣልበታል፣ ሽማግሌ ቢቆምበት እንኳ አይታወቀውም። ክዳኑን እኔ ራሴ በወረቀት ነድፌ፣ ልኩን ጽፌ ሰጠኋቸው።

«እሺ» አለች ሚስቴ።

«እሺ አባዬ» አለች ልጄ።

እሺ ይበልጣል ከሺህ ይላሉ። ይህን የተረተው ሰው ሚስትና ሴት ልጅ አልነበረውም መሰለኝ።

መስቀል ሲደርስ ሸማኔ ሁሉ ወደ ጋሞ ይወርዳል። ሽሮ ሜዳ በዚያ ሰሞን ጭር ይላል፤ የመወርወሪያ ድምፅ አይሰማም። እኔም ዓመት ጠብቄ እወርዳለሁ፤ ወንድሜ አገር ቤት ነው፣ የአባቴ መቃብርም እዚያው ነው። ሚስቴ ያን ጊዜ፣ «ወለሉ የሚሠራው በዚህ ሰሞን ስለሆነ እኔ ሠራተኞቹን ልጠብቅ፣ አንተ ሂድ» አለች። ከእኔ ጋር በየዓመቱ የሚወርደው ጓደኛዬም፣ ሁለት ቤት ዝቅ ብሎ የሚሠራ ሸማኔ ነው፣ «ጉልበቴን አሞኛል፣ ዘንድሮ አልሄድም» አለኝ። ደስ አለኝ። የሸማ ዕቃዬን አደራ አልኩት። ድሩ ላይ ሁለት ክንድ ያህል ሠርቼ ነበር፤ በአንሶላ ሸፍኜው ሄድኩ።

አገር ቤት ሳለሁ ሚስቴ ደወለች። «ወንድምህ ደክሟል ብለኸኝ አልነበር? ትንሽ ቆይተህ አስታምመው እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሃል?» አለች። ከተጋባን ጀምሮ በየመስቀሉ ቆየህ ብላ የምታኮርፍ ሴት ናት። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን ሚስቴ ከስንት ዓመት በኋላ ወንድሜን ወደደችው ብዬ ለወንድሜም ነገርኩት። እሱም ተደሰተ። አንድ ሳምንት ጨመርኩ።

ስመለስ በሩ ላይ አዲስ ነጠላ ጫማ ተደርድሮ ጠበቀኝ። ሚስቴ «ጫማህን አውልቅ» አለችኝ፤ በገዛ ቤቴ። ገባሁ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነጭ ሴራሚክ። ቤቱ ሆስፒታል መሰለኝ። ጣውላ የለም። ሊሾ የለም። ወደ መስኮቱ ሄድኩ፤ ጉድጓዱ የነበረበትን ቦታ በእግሬ ፈለግኩት፤ ሁሉም ቦታ አንድ ነው። የሸማ ዕቃዬ እንጨቶች ደጅ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልለው ተቆልለዋል።

«ጉድጓዱስ?» አልኩ።

«ተሞላ» አለች፤ ዓይኗን ከመጥረጊያው ጨርቅ ሳታነሳ።

«በምን?»

«በፈረሰው ሊሾ። በአፈር። እኔ ምን አውቃለሁ በምን እንደሆነ? ሠራተኞቹ ሞሉት።»

ጮህኩባት። ጎረቤት እስኪሰማ ነው የጮህኩት፤ አላፍርበትም። አባቴ የቆፈረውን፣ ያሳደገንን፣ አንቺንም እንጀራ ያበላሽን ጉድጓድ በፍርስራሽ ሞላሽው አልኳት። ሚስቴ መልስ ስታጣ አታለቅስም፤ ትጠርጋለች። አንድ የማይታይ ቆሻሻ እየደጋገመች ጠረገች።

ከዚያ ግድግዳው ላይ፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን ድር አየሁ። የልጄን ቀሚስ ድር። በመቀስ ተቆርጦ ይሆናል ብዬ ስፈራ፣ ሄጄ ስነካው፣ እንደ ሹሩባ ተገምዷል። ክሮቹ የሚተላለፉበት ቦታ በአራት ማሰሪያ ተይዟል። የሠራሁት ሁለት ክንድ ጫፉ ላይ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሏል። አንዲት ክር አልተዛነፈችም። ይህን ሚስቴ አታውቀውም፤ የሴራሚክ ሠራተኛ አያውቀውም። ይህን የሚያውቅ ሸማኔ ነው። ጉልበቴን አሞኛል ያለው ሸማኔ ማን ነው? አደራ የተሰጠው ማን ነው? ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አልኩና ድሩን ከሚስማሩ መንጥቄ ወደ ጓደኛዬ ቤት ወረድኩ።

ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጥለት እያስገባ ነበር። ሰላምታም አልሰጠሁት። «አንተ ጉልበትህ የሚያምህ ለመስቀል ብቻ ነው? የጓደኛህን ድር ለማውረድ ሲሆን ይድናል?» አልኩት። ሌላም ብዙ ተናገርኩ፤ የማይጻፍም ተናገርኩ። አብረን የበላነውን ሠላሳ መስቀል ቆጠርኩበት። እሱ መወርወሪያውን አስቀምጦ ሰማኝ። ሲበቃኝ እጁን ዘረጋ፤ ድሩን ሰጠሁት። ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ አያቸው።

«ይኼ የእኔ እጅ አይደለም» አለ።

«የማን ነው ታዲያ?»

ከሥሩ ክር ስቦ ቆረጠና ዓይኔ እያየ ቋጠረ። ከዚያ የእሱንና ድሩ ላይ ያለውን ጎን ለጎን አድርጎ አሳየኝ። የእሱ ወደ ቀኝ ይዞራል። ድሩ ላይ ያለው ወደ ግራ።

እኔ ግራኝ ነኝ። ሽሮ ሜዳ ውስጥ ወደ ግራ የሚቋጥር ሸማኔ እኔ ብቻ ነኝ። ቋጠሮውን በእጄ ይዤ፣ ዳብሼ፣ ተሸክሜው ሁለት ቤት ወርጄ ያላወቅኩት ለዚህ ነው፤ ለእኔ ትክክለኛው ቋጠሮ እሱ ስለሆነ። በቀኝ እጇ የምትሠራ ሆና ሳለ ከእኔ ስላየች ብቻ ወደ ግራ የምትቋጥር አንዲት ሰው ነበረች በዓለም ላይ።

ጓደኛዬ ፊቴን አይቶ ድሩን መለሰልኝ። ከእሱ ጉድጓድ አጠገብ ሌላ ጉድጓድ አለ፤ ወንድሙ ይሠራበት የነበረ፣ አሁን ባዶ። «እግርህ ባዶ ነው፣ በርዶሃል፣ እዚያ ግባ» አለኝ። ጫማዬን ሳላደርግ ነበር የወጣሁት። ገባሁ። ይቅርታ ለማለት ስፈልግ አፌ እምቢ አለኝ፤ እሱም አልጠበቀኝም፤ ሥራውን ቀጠለ።

ልጄ ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ጠበቅኳት። ድሩን አሳየኋት። አልካደችም።

«አባዬ፣ ድርህን አላበላሸሁትም እኮ» አለች። «አንድም ክር አልተበጠሰም። ሠራተኞቹ ሊቆርጡት ነበር፤ እኔ ነኝ ያስቆምኳቸው። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ።»

«ጉድጓዱንስ ለምን አላስቆምሽም?»

«ቦታ ይጠባል አባዬ። ሽማግሌ ሲመጣ የት ይቆማል? ደግሞ ዓይንህ ደክሟል፣ ወገብህን ያምሃል፤ እስከ መቼ እዚያ ውስጥ ትቀመጣለህ? በቃ እኮ፣ ዕረፍ።»

ልትጦረኝ እንደሆነ ነው የነገረችኝ። እኔም ላምናት ፈለግኩ። ሰው ልጁን ማመን ሲፈልግ ምን ያህል ቂል እንደሚሆን ያኔ አላወቅኩም። ለራሴ፣ ስለ ጤናዬ አስባ ነው፣ ወጣት ናት፣ ሴራሚክ የዘመኑ ነው አልኩ። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ እኔ በዚያ ጥቅምት ሁለት ካልሲ ደራርቤ ነጭ ወለል ላይ ተንቀጠቀጥኩ። ሚስቴ ሁለት ቀን ከታገሰች በኋላ ትልቅ ምንጣፍ አምጥታ ሴራሚኩን ሙሉ በሙሉ አለበሰችው። ስለ ብርዱ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እንግዳ ሲመጣ ምንጣፉ ይጠቀለላል፣ ሴራሚኩ ይታያል፤ እንግዳው ሲሄድ ምንጣፉ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ወለል አይቼ አላውቅም፤ ለባዳ የሚያብለጨልጭ፣ ለባለቤቱ የማይረገጥ።

ሽማግሌዎቹ እሑድ መጡ፤ ሦስት ናቸው። እንደ ደንቡ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ሚስቴ ጫማቸውን እንዳያወልቁ ለመነቻቸው፤ አሮጌ ወለል ቢሆን ኖሮ ምን እንደምትል እንጃ። ልጃችንን ለልጃቸው ጠየቁ፤ እኔም እንደ ደንቡ እንመካከር፣ ቀጠሮ እንስጣችሁ አልኩ፤ ሳቅ መጣ፣ ተቀመጡ። ትልቁ ሽማግሌ ደግ ፊት ያላቸው ሰው ናቸው፤ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና አመሰገኑ።

«መቼም ጥሩ ቤት ነው» አሉ። «ልጃችን ነግሮናል፤ እዚህ ሽሮ ሜዳ ትልቅ የሸማ ሱቅ እንዳለዎት። በስንት ሸማኔ ነው የሚያሠሩት? ንግዱስ እንዴት ይዞዎታል?»

የማዕድ ቤቱ በር መጋረጃ አለው። ሙሽራ የምትሆን ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ እዚያ ኋላ ሆና ትሰማለች። መጋረጃው ወለል አይነካም። ከሥሩ የልጄን እግር አየሁ። ባዶ እግሯን ሴራሚኩ ላይ ቆማ፣ ጣቶቿን አጥፋ ነበር፤ ድሮ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ሆና ልግባ ወይስ አልግባ ስትል እንደምታደርገው።

ሁሉም ነገር ያኔ ገባኝ። ቦታ አልጠበባትም። የእኔ ዓይንም አላሳሰባትም። ለምታገባው ልጅ አባቷ ሸማኔ እንዳልሆነ ተናግራ ነበር፤ ጉድጓዱ ደግሞ ያሳብቅባታል። ትምህርት ቤት ሳለች የሸማኔ ልጅ ናት ተብላ «ቁጢት በጣሽ» ብለው ሰድበዋት እያለቀሰች የመጣችበት ቀን ትዝ አለኝ። ያን ቀን፣ የሚሰድብሽ ሰው የለበሰውን ማን እንደሠራው ጠይቂው ብዬ፣ ስቄ፣ አልፌው ነበር። ለእኔ ያለፈ ለእሷ አላለፈም። ቢሆንም፤ ይህን ሁሉ አውቄም ቢሆን፣ ያን ደቂቃ የተሰማኝን ልደብቀው አልችልም። ልጄ በቁሜ ቀበረችኝ፤ መቃብሬን ራሷ አስመርጣ፣ ራሷ አስለጥፋ፣ በላዩ ላይ እንግዳ አስቀመጠችበት።

ሽማግሌው መልስ ይጠብቃሉ።

«ተመስገን ነው» አልኩ። «ንግዱ ይሄዳል።»

ዋሸሁላት። የመጋረጃው ሥር ጣቶች ተዘረጉ።

ማምሻውን ሚስቴ ሁሉን እንደምታውቅ ነገረችኝ። «ክረምት ላይ ነው የነገረችኝ። ምን ላድርግ? አንተን ብነግርህ ልጁ ጋ ሄደህ ሸማኔ ነኝ ትላለህ፤ አውቅሃለሁ» አለች። እውነቷን ነው፤ እል ነበር። ሱቁ ውስጥ በባዶ እግሬ ቆሜ ጣውላ ስመርጥ፣ እነሱ የመረጡት ተመርጦ አልቆ ነበር። ክዳን ስነድፍ፣ ልክ ስጽፍላቸው፣ ሁለቱም እሺ እያሉ ያዩኝ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ይኼ ያቃጥለኛል።

ቀሚሱን ሠራሁት። ጓደኛዬ ባዶውን ጉድጓድ ለቀቀልኝ፤ የሸማ ዕቃዬን አንድ በአንድ ተሸክመን ወሰድነው። ድር ሲዘረጋ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ እሱ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ እኔ የልጄን ማሰሪያ አንድ በአንድ ፈታሁ። ጠንካራ ቋጠሮ ነበር፤ እንዳስተማርኳት። ለእሷ ስል አይደለም የምጨርሰው፣ ድር ተጀምሮ አይተውም ብዬ ነው ስል ጓደኛዬ «እንዳልክ» አለኝ። በጥር ለበሰችው። አማረባት። ሠርጉ ላይ አንዲት የወንዱ ዘመድ ጥለቱን በጣቷ እየዳሰሰች፣ «ከአባቷ ሱቅ ነው፤ ምርጡን አውጥተው ሰጧት» ስትል ሰማኋት።

ክረምት ተመልሶ መጣ። የሴራሚክ እንክብካቤ የሚባል ነገር ተማርኩ፤ በሐምሌ ያልበዋል፤ ጠዋት ጠዋት ሚስቴ በደረቅ ጨርቅ ካልጠረገችው ሰው ያንሸራትታል። አንድ ጠዋት ምንጣፉን ስታነሳ በመስኮቱ በኩል አንድ ቀጭን ስንጥቅ አየች። በሳምንቱ ስንጥቁ ዞረ። በነሐሴ መጨረሻ ወለሉ እዚያ ጋ ሁለት ጣት ያህል ሰመጠ፤ የሰመጠው አራት ማዕዘን ነው፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ርዝመቱም ስፋቱም አባቴ የቆፈረው ልክ። ፍርስራሹን ሳይጠቀጥቁ ነው የሞሉት፤ የክረምቱ ውሃ ከሥር ሲገባ ተኛ። እኔ ክዳኑን ስነድፍ የጻፍኩት ልክ እዚያ ወለል ላይ ተጽፎ ወጣ። ሳቅኩ። ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ።

ከዘመን መለወጫ በፊት ባለው እሑድ ልጄና ባሏ ሊጠይቁን መጡ። ሚስቴ በልማዷ ምንጣፉን ጠቀለለች፤ የሰመጠውን ቦታ በወንበር ልትከልል ስትሞክር ቀደሟት ገቡ። ልጁ ጨዋ ነው፤ እጄን ጨብጦ ጉልበቴን ሊነካ ጎንበስ ይላል፤ እወደዋለሁ። ወደ መስኮቱ ሲሄድ እግሩ የሰመጠው ላይ አረፈና ሴራሚኩ ባዶ ድምፅ አሰማ። ቆመ። በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ምን ነበር?» አለ።

እኔን ነው የጠየቀው። እኔ ግን ልጄን አየኋት። እሷም አየችኝ። አሁን ተጋብተዋል፤ የሚፈርስ ነገር የለም፤ አንዲት ቃል ናት። «አባቴ የሚሠራበት ጉድጓድ ነበር» ብትል ይበቃ ነበር። ስትናገር ላግዛት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ታሪኩን እኔ እጨርስላታለሁ፣ አሥቃቸዋለሁ፣ ልጅ ሆና ከእግሮቼ መሐል ትቀመጥ እንደነበር እነግረዋለሁ ብዬ አፌ ላይ አድርጌው ነበር። ጠበቅኳት።

ጣቶቿን ነጠላ ጫማው ውስጥ አጠፈች።

«ምንም አልነበረም» አለችው። «ቤቱ አሮጌ ስለሆነ ነው።»

ሚስቴ ተነሥታ ምንጣፉን መልሳ ዘረጋችበት።